በማሳው ላይ አብሮ መመራመር፦ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ከአርሶ አደሮች ጋር ሙከራ እንዴት ይሠራል?

በሐረር ዙሪያ ያለ የማሽላ ማሳን በሰኔ ያየ እንግዳ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይኼ ሁሉ ለምን ታጨቀ?» ብሎ ነው። ማሽላው ከሚመከረው በላይ ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቷል። በክፍል እንደተማርነው ከሆነ የዘር ብክነት ነው። ጥቂት ቀን እዚያው የሰነበተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የቤቱ ልጅ በጠዋት ወጥቶ ቀጫጭኑን እየመረጠ ይነቅልና በሸክም አምጥቶ ደጅ ለታሰረው በሬ ይሰጠዋል። ማሳው እየሳሳ፣ በሬው እየሰባ ክረምቱ ያልፋል። ስሙ አገር ያወቀው የሐረር ሰንጋ የሚሰባው በዚህ መኖ ጭምር ነው። እህሉን ብቻ የሚመዝን ተመራማሪ ይህን ማሳ «በአግባቡ ያልተዘራ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ቤተሰቡ ግን ከአንድ መሬት እህልም መኖም ማገዶም እያወጣ ነው።

አሳታፊ የግብርና ሥርዓት ምርምር የሚባለው ማሳውን፣ ከብቱን፣ ጫቱን፣ ጉልበቱን፣ ገበያውንና ጓዳውን እንደ አንድ ነገር አይቶ፣ ጥያቄውንም ሙከራውንም ፍርዱንም ከባለቤቱ ጋር መሥራት ነው። ይህን የምጽፈው ለልማት ሠራተኞች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚወጡ ተማሪዎችና በግብረ ሠናይ ድርጅት ውስጥ ለሚሠሩ ነው። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሲባጎ፣ ችካል፣ የተንጠልጣይ ሚዛን፣ ባቄላ፣ ደብተርና ብዙ ትዕግሥት ይበቃሉ።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካው የኦክላሆማ የግብርናና መካኒካል ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርቱንም ምርምሩንም ኤክስቴንሽኑንም፣ ማለትም ምክሩን ገበሬው ዘንድ የማድረሱን ሥራ፣ በአንድ ይዞ ነበር የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የሚመራመረው፣ የሚያስተምረውና ገበሬው ቤት የሚገባው በየፊናው የሚሄድበት ጊዜ በዛ። ዛሬ አንድ ተማሪ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ሳይተዋወቅ መጠይቁን ሞልቶ ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው። ከታች ያሉት እርምጃዎች ይህን ክፍተት በአንድ ቀበሌ ደረጃ ለመሙላት ናቸው።

1. ከመውጣታችሁ በፊት አገሩን እወቁ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ታልፋላችሁ፤ ሐረርን አልፋችሁ ወደ ኤረርና ባቢሌ ስትወርዱ እንደገና ቆላ ነው። በአንድ ጠዋት መንገድ ውስጥ ድንችና ሽንኩርት፣ ጫት፣ ማሽላ፣ ማንጎና ኦቾሎኒ ታልፋላችሁ። ስለዚህ «የሐረርጌ ገበሬ» ብሎ አንድ ምክር መስጠት አይቻልም። የምትሠሩበት ቀበሌ ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይስ ቆላ መሆኑን፣ በልጉ የሚታመን መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ለዩ። ማሽላ እዚህ በብዛት የሚዘራው በሚያዝያ አካባቢ በበልጉ ዝናብ ነው፤ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በመስከረም በጀት የተፈቀደለት ፕሮጀክት ለዓመቱ ዘር ዘግይቷል ማለት ነው።

ሁለት ቀን ገበያ ዋሉ። በድሬዳዋ ቀፊራ፣ በሐረር በሸዋ በርና በኤረር በር ከገጠር የመጡ እናቶች ምን እንደሚሸጡ፣ ሸጠውም ምን ገዝተው እንደሚመለሱ ተመልከቱ። ጫት ሸጣ ዱቄት የምትገዛ እናት ስለ ቤተሰቧ እርሻ ብዙ እየነገረቻችሁ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ በከተማው አማርኛ ይበቃል፤ በገጠሩ ግን አብዛኛው ሰው አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው፣ ከድሬዳዋ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ደግሞ ሶማሊኛ አለ። አስተርጓሚያችሁ እርሻ የሚያውቅ ይሁን። ማሽላን ሚሺንጋ፣ ጫትን ጂማ እንደሚሏቸው ሳያውቅ «ጅማ» የሚለውን የከተማ ስም አድርጎ የተረጎመ ሰው አጋጥሞኛል።

2. አገባባችሁን አሳምሩ

ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ በቀበሌው አስተዳደርና በልማት ሠራተኛው በኩል ግቡ፤ ግን እዚያ አትቁሙ። በየመንደሩ አፎሻ አለ፤ ለቅሶውንም ደስታውንም የሚይዘው እሱ ነው፣ ሰው የሚሰማውም እዚያ የተነገረውን ነው። የአፎሻውን ሽማግሌዎች አግኙ። ስብሰባው በዱዓ ይከፈት፤ ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥ ከቀረበላችሁ ተቀምጣችሁ ጠጡ። ዓርብን ተዉት። በረመዳን ረጅም ስብሰባ አትጥሩ። ማለዳ ጫት የሚለቀምበት ሰዓት ነው፣ ለአወዳይ ገበያ መድረስ አለበትና፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የብዙው ወንድ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ፣ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ራሳቸው ይቁረጡት።

የመጀመሪያ ቀን ወረቀት አታውጡ። ጉዛ፣ ማለትም ጎረቤት ለጎረቤት በደቦ የሚሠራበት ቀን፣ ካገኛችሁ ዶንጎራ፣ መቆፈሪያውን፣ ይዛችሁ ግቡ። በቁፋሮው መሐል የሚወራው በስብሰባ ከሚወራው ይበልጣል።

3. ዳገቱን ውጡ፣ ካርታውን መሬት ላይ ሣሉ

ከሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌዎችና ከአንድ ወጣት ጋር ቀበሌውን ከላይ እስከ ታች በእግር አቋርጡ። መንገዱ ቀላሉን መርጦ ሳይሆን ዳገቱን፣ እርከኑን፣ ሸለቆውንና ጉድጓዱን የሚነካ ይሁን። በየቆማችሁበት አምስት ነገር ጠይቁ፦ አፈሩ ስሙ ማን ነው? ድሮ ምን ይዘራበት ነበር? አሁን ምን አለ? ችግሩ ምንድን ነው? የማን ነው?

ስትመለሱ ሰፊ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጉና ካርታውን መሬት ላይ ያውጡት። አመድ ለመንገድ፣ ድንጋይ ለቤት፣ ቅጠል ለጫት፣ የማሽላ ቅንጣት ለማሳ ይሁን። እናንተ ዱላውን አትያዙ። ዱላውን የያዘ ሰው ነው ካርታውን የሚሠራው። ሴቶች ለብቻቸው ሌላ ካርታ ያውጡ፤ የውኃ መቅጃው፣ የእንጨት መልቀሚያውና የወፍጮ ቤቱ ርቀት በወንዶቹ ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ውኃን በካርታው ላይ በደንብ ተከታተሉት። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ከጫትና ከአትክልት መስኖው ጀምሮ ለሐረር ከተማ የሚሳበው ውኃና ከየተራራው የሚወርደው ደለል ተደራርበውበት ነበር። እያንዳንዱ ፓምፕ ለባለቤቱ ትክክል ነበር፤ የጠፋው የሁሉም ድምር ነው። አንድ ማሳ ላይ ብቻ የሚሠራ ሙከራ ይህን አያሳይም። ስለዚህ የመስኖ ሙከራ የምትሠሩ ከሆነ ከጉድጓዱ የሚጠጡትን ሁሉ ቁጠሩ።

4. ጥያቄው የማን ነው?

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አፍሱ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የወይና ደጋ ቀበሌ አራት የማሽላ ዓይነት ይዘን ቀረብን፤ ሁለቱ የአገሬው ሙይራና ፈንድሻ፣ ሁለቱ ደግሞ ቶሎ የሚደርሱ አጫጭር የተሻሻሉ ዝርያዎች ነበሩ። ምርታማነቱን እኛ ስለምናውቀው ውጤቱንም የምናውቀው መስሎን ነበር። ጆንያ አነጠፍን፣ ከጆንያው ራስጌ አራቱን እሸት ደረደርን፣ ከጎን በኩል ሴቶቹ ራሳቸው የጠሯቸውን መመዘኛዎች በዕቃ ወከልን፤ ጭብጥ እህል ለምርት፣ አንድ ቁራሽ ቡዴና ለእንጀራው፣ አገዳ ለመኖና ለማገዶ፣ ላባ ለወፍ፣ በነቀዝ የተበላ ፍሬ ለጎተራ። ለእያንዳንዱ መመዘኛ 20 ባቄላ ሰጠናቸውና ለአራቱ ዓይነት አካፍሉ አልናቸው።

ለእህሉ ብዛት ባቄላው ወደ አጫጭሮቹ አደላ። አገዳው ላይ ሲደርሱ አንዲት እናት ብድግ ብለው ከ20ው 13ቱን ሙይራ ላይ፣ 6ቱን ፈንድሻ ላይ አፈሰሱና አንዲቱን ባቄላ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። «አዴ፣ ለሁለቱ አጫጭሮች ምንም አይሰጡም?» አልኳቸው። «ምድጃዬ ምን ይበላል? ላሟስ?» አሉና የያዟትን ባቄላ አንደኛው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። በዚያ ቀን ካዘጋጀነው የሙከራ ንድፍ ግማሹን ቀየርነው። አጫጭሮቹን ሙሉ ማሳ ላይ ከመሞከር ይልቅ በልግ ዘግይቶ በገባበት ዓመት ለሚከስር ማሳ መጠባበቂያ አድርገን ሞከርናቸው፤ ሴቶቹም ወንዶቹም የተስማሙት በዚህ ነው።

ይህን የባቄላ ሥራ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይሥሩት። ቁጥሩን ከቆጠራችሁ በኋላ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በቃላቸው ጻፉ። ቁጥሩ ያለ ምክንያቱ ዋጋ የለውም።

ከባቄላው በፊት የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ አሠሩ። 12 ድንጋይ ደርድሩና በየወሩ ዝናቡን፣ የሥራውን ብዛት፣ የእህሉን እጥረት፣ የጫቱን ዋጋ በጥራጥሬ ያሳዩ። እህል የሚያልቅበትና ጉልበት የሚበዛበት ወር አንድ ላይ ከወደቀ፣ በዚያ ወር ተጨማሪ ሥራ የሚጠይቅ ማናቸውም ቴክኖሎጂ አይሠራም።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ አቀንጭራ፣ የማሽላን ሥር ይዞ የሚመጠው አረም፣ ለበዛበት ቀበሌ፦ «ማሽላን ከኦቾሎኒ ጋር ብናፈራርቅ አቀንጭራው ይቀንሳል?» የሚለው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ኦቾሎኒ የአቀንጭራን ዘር አስነሥቶ ሳያሳድግ የሚያስቀር ሰብል ነው፣ ባቢሌም ኦቾሎኒውን ድሮም ታውቃለች። አቀንጭራን ስታነሡ ከዚሁ ከአለማያ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ጭምር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ማግኘታቸውን ለወጣቶቹ ንገሯቸው። ልጆች ከዚህ አፈር ላይ ትልቅ ሳይንስ እንደተነሣ ሲሰሙ ደብተር መያዝ ይወዳሉ።

5. ከማን ጋር ትሠራላችሁ?

ቀበሌው ሁልጊዜ ሞዴል አርሶ አደሮችን ይሰጣችኋል። ተቀበሏቸው፤ ግን አይበቁም። የአባወራና የእማወራ ስም በየካርዱ ጽፋችሁ ሦስት ሽማግሌዎች በኑሮ ደረጃ በሦስት ክምር እንዲለዩ ጠይቁ፤ ከየክምሩ እኩል ምረጡ። ባል የሌላቸው እናቶች ይኑሩበት። ከስድስት እስከ አሥር ቤት ለአንድ ዓመት ሙከራ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ቤት እንደ አንድ ድግግሞሽ፣ ማለትም ሙከራው አንድ ጊዜ እንደተሠራበት፣ ይቆጠራል።

ስምምነቱን ከመዝራት በፊት በምስክር ፊት ጨርሱ። መሬቱ የብዙዎቹ ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ሙከራው ቢከስር ራት የሚያጣው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ የከሰረው መደብ (ለሙከራ የተለየው ቁራሽ መሬት) ሊሰጥ ይችል የነበረውን እህል እንደምትተኩ ጻፉና ፈርሙ። በአበል ግን አትጀምሩ። ለስብሰባ ገንዘብ የለመደ ቀበሌ ለሚቀጥለው ሰው አስቸጋሪ ይሆናል፣ ገንዘብ ለማይከፍለው ለልማት ሠራተኛውም ጭምር።

6. መደቡን አውጡ

ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት መደብ፦ አንዱ ገበሬው በለመደው መንገድ፣ ሁለቱ በአዲሱ። ከዚህ በላይ አታብዙ። እያንዳንዱ 7 በ7 ሜትር ይሁን፤ ሦስቱ ተደምረው 147 ካሬ ሜትር ናቸው። ጥግ ለማስተካከል ሲባጎውን በ3፣ በ4ና በ5 ሜትር ቋጥራችሁ ሦስት ማዕዘን ስትዘረጉት 3ና 4ቱ የሚገናኙበት ቀጥ ያለ ጥግ ይወጣል።

አቀማመጡ ላይ ተጠንቀቁ። ቤት አጠገብ ያለው ጓሮ አመድና ፍግ ስለሚደፋበት ለም ነው፤ በእርከኑ ታችኛ ጠርዝ አፈሩ ወፍራም፣ በላይኛው ስስ ነው። ሦስቱን መደብ በአንድ እርከን ላይ በጎን ጎን ደርድሩ እንጂ ከላይ ወደ ታች አታድርጉ። አቀንጭራም ማሳ ውስጥ እኩል አይበተንም፤ አምና የት የት እንደወጣ ባለቤቱ ያውቀዋል፣ ጠይቁ። የትኛው መደብ የት እንደሚሆን በዕጣ ይውጣ፤ ዕጣውን ልጅ ያውጣ፣ ሁሉም ይይ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ዓመት ቆላ ላይ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ለአንድ ገበሬ ብቻ ሰጠሁ። የጎረቤቱ ማሽላ ገና አረንጓዴ ሳለ የእሱ ደረሰ፤ በአካባቢው ያለ ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ሰፈረ። ልጆቹ ከማለዳ እስከ ማታ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ዋሉ፣ ከትምህርት ቤትም ቀሩ። ዝርያው መጥፎ አልነበረም። ቶሎ የሚደርስ ሰብል ስትሞክሩ ማሳቸው የተጎራበተ ብዙ ቤቶች በአንድ ቀን ይዝሩት።

7. ክረምቱን አብራችሁ አሳልፉ

ደብተሩ ገበሬው ቤት ይቀመጥ፤ የሚማር ልጅ በቁቤ ይጻፈው። ዝናቡን የሚለካው ጎኑ ቀጥ ያለ የወተት ጣሳ ነው። ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ችካል ላይ ይታሰር፣ በየጠዋቱ በማስመሪያ ይለካና ይደፋ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ ይህን ለልጁ አንድ ጊዜ በሊትር አሳዩት፣ አይረሳውም።

ለከብት የሚነቀለውን ማሽላ መመዝገብ አትርሱ። ሸክሙን ይቁጠሩ፤ በወር ሦስት ሸክም መዝናችሁ አማካዩን ያዙ። ይህ ቁጥር በብዙ ጥናት ውስጥ የለም፤ ያለ እሱ የዚህ አገር ማሽላ ምን እንደሚሰጥ አይታወቅም።

አቀንጭራን ማሽላው ከተዘራ በ8ኛው፣ በ10ኛውና በ12ኛው ሳምንት ቁጠሩ፤ በየመደቡ ሦስት ቦታ ላይ የ1 ካሬ ሜትር ክፈፍ ጣል እያደረጋችሁ። ወይን ጠጅ አበባዋ ከመታየቱ በፊት አብዛኛው ጉዳት ሥሩ ላይ ደርሷል፤ መንቀሉ የሚጠቅመው ለሚመጣው ዓመት ነው። አንዲቷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ዘር የያዘችውን ነቅለው ለከብት አይስጧት፤ በፍጉ ተመልሳ ማሳ ትገባለች። ይቃጠል። ዶንጎራውም ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሳይሄድ አፈሩ ይራገፍ።

በእሸት ጊዜ የሙከራው ቤቶች በሙሉ የየአንዳቸውን ማሳ ይጎብኙ። የሌላውን ማሳ ያየ ገበሬ የራሱን ይናገራል።

8. ሚዛኑና ቅምሻው

ዳር ዳሩን 1 ሜትር ትታችሁ የመሐሉን 5 በ5 ሜትር እጨዱ። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል በፀሐይ ደርቆ ይመዘን። ይህ ስፋት የሄክታር 400ኛ እጅ ስለሆነ የኪሎውን ቁጥር በ4 ስታባዙት ኩንታል በሄክታር ይሰጣችኋል፤ 6.5 ኪሎ ማለት 26 ኩንታል ነው። ሒሳቡን ገበሬው ፊት ሥሩት። አገዳውንም ደርቆ መዝኑት።

ከዚያ ይፈጭ፣ ይቦካ፣ ይጋገር። የትኛው ዱቄት የትኛው እንደሆነ ሳይነገር ሴቶቹ ቀምሰው ይፍረዱ፤ በማግሥቱም የደረቀውን እንደገና ይቅመሱት። የጎተራውን ነገር ደግሞ ለመጪው ክረምት አቆዩት። በሐረርጌ ማሽላ በመሬት ጉድጓድ ይቀመጣልና፣ ከየዓይነቱ በጨርቅ ከረጢት አስራችሁ ጉድጓዱ ሲከደን አብራችሁ ቅበሩ፤ ሲከፈት ሽታውን፣ ሻጋታውንና ብቅለቱን እዩ። ጉድጓዱ ሲከፈት አየሩ የታፈነ ስለሆነ ማንም ወዲያው እንዳይገባ፤ በደንብ እስኪናፈስ ይጠበቅ።

9. ውጤቱን መልሱ

በጥርና በየካቲት፣ ለቀጣዩ በልግ ዘር ከመመረጡ በፊት ተመለሱ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የነበሩት ሁሉ ይጠሩ። ሰንጠረዥ አትለጥፉ፤ የእያንዳንዱን መደብ ምርት በእውነተኛ እህል በጣሳ እየሰፈራችሁ ጆንያ ላይ ደርድሩት። ያልሠራውንም አሳዩ። ባለቤቱ ራሱ ተነሥቶ ያስረዳ፤ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። ደብተሩ የቤተሰቡ ነው፤ ገልብጣችሁ ዋናውን ተዉላቸው።

አንድ ግልባጭ ለልማት ሠራተኛው፣ አንድ ለአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ፣ አንድ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስጡ። ከምሥራቅ ሐረርጌ በኩል ከሆናችሁ ፈዲስ የግብርና ምርምር ማዕከልና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ናቸው፤ ጥያቄው ከቀበሌው አቅም በላይ ከሆነ በዚያው ስብሰባ ላይ ሁለት ተወካይ አስመርጣችሁ ደብተሩን አስይዛችሁ ውሰዷቸው። ዘር የወደዱ ጎረቤቶች ካሉ ባለመደቡ በጣሳ ይስጣቸው፣ ማን ምን ያህል እንደወሰደም ልጁ በደብተሩ ኋላ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ዓመት የምትጎበኙት እነዚያን ቤቶች ነው።